ያልከፈትኩት ውሃ

ውድ አባባ፣

ትናንት ጠዋት የውሃ ዳኛው ውሃ ወደ ማሳችን የሚያስገባውን የቦይ በር በሰንሰለት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። ጥጡ አበባ ላይ ነው።

የቆለፈው በእርስዎ ሕግ ነው። ዳኛ በነበሩበት ዘመን “ተራው ደርሶ ያልከፈተ፣ ውሃው የጎረቤቱ ነው” ብለው የደነገጉትን በሩ ላይ ቆሞ አነበነበልኝ። ባለፈው ተራችን አልከፈትኩም። ስለዚህ ተራው ከእንግዲህ ከእኛ በታች ላለው ጎረቤታችን ለጎርፉ ይሰጥ የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ጎርፉን መቼም አይረሱትም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት እርስዎ ነዎት። ዛሬም እሱ ሲያጠጣ እንቁራሪት ሳይቀር ደረቅ መሬት ፍለጋ ይሰደዳል።

ረስቼው ወይም ሰንፌ አይደለም። መሬቱ አልጠማውም ነበር።

ማሳውን ገለባ ማልበሴን ሰምተው ራስዎን እንደነቀነቁ እህቴ በስልክ ነግራኛለች። እውነት ነው፣ አልብሼዋለሁ። የእርስዎ ጥጥ እንደ ተጠረገ ግቢ የጠራ ነበር፤ አንዲት ሰበዝ ካዩ ጎንበስ ብለው ያነሱ ነበር። አንድ ጊዜ ከማሳው ዳር የተውኩትን የገለባ ክምር አይተው፣ “ይህን ቆሻሻ ለማን አስቀመጥሽው?” ብለው የተቆጡኝን ያስታውሳሉ? ክምሩን ሳነሳ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ስጨብጠው እንደ ሊጥ ተያያዘልኝ። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው መሬት ግን ተሰነጣጥቆ ነበር። ያን ቀን ተቆጥተው ስለነበር አልነገርኩዎትም። ወደ እህቴ ቤት ሲሄዱ ግን ገለባውን በየመደቡ አነጠፍኩት።

ሰው ሳቀ። ጎርፉ አጥሩን ተደግፎ፣ “እሜቴ፣ ጣራውንስ ጨርሰሻል፤ በሩን በየት በኩል ልታወጪለት ነው?” አለኝ።

“በአንተ በኩል ነው። ከዋና ስትወጣ ትጠለልበታለህ” አልኩት።

አንዱን ቦይ አጠጥቼ አጠገቡ ያለውን ስዘል፣ በቀጣዩ ተራ ደግሞ የዘለልኩትን ሳጠጣ፣ ማሳው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ከፀጉር አስተካካይ ወንበር የሸሸ ሰው መስሏል ተባለ። ሁሉም ሰመረልኝ አልልዎትም። መጀመሪያ ላይ ገለባው ተንሳፍፎ ቦዩን ደፈነውና ወገቤ እስኪቆረጥ ስጎትት ዋልኩ። በአንድ ጥግ ምስጥ ገባ፤ ገለባውን ከግንዱ ፈንጠር አድርጎ ማንጠፍን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ባልከፈትኩበት በዚያ ተራ ዋዜማ ገለባውን ገልጬ አፈሩን ጨበጥኩት። አሁንም ይያያዛል። ለዳኛው “ውሃው ወደሚቀጥለው ይለፍ” ብዬ ላክሁበት፤ አሳለፈውም። የሚቀጥለው ጎርፉ ነው። ያን ውሃ ጠጥቶ ነው እንግዲህ ዛሬ “ተራዋን ስለማትፈልገው ይሰጠኝ” የሚለው።

ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። ሰንሰለቱን እያጠበቀ ምክር ቢጤ ጣል አደረገልኝ። “ልጄ፣ ዝም ብለሽ ብትከፍቺውስ ምን ነበረበት? ወደ ገደሉ ይፍሰስ። ከፍታለች እንል ነበር።”

“ገደሉ ጥጥ ዘርቷል እንዴ?”

“ነገር አታክርሪ። ደንብ ነው።”

“ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው።”

“እኮ! በአውጪው ልጅ ካላስከበርነው በማን ልናስከብረው ነው?”

እህቴም ከእሱ ጋር ናት። “ይቅርታ ጠይቂና ከእንግዲህ ተራው ሲደርስ ጠማውም አልጠማውም ክፈቺው” ትላለች። ይቅርታ አልጠይቅም። ሳይጠማኝ ጠማኝ ብዬ ውሃ ገደል ውስጥ አልደፋም። ገለባውንም አላነሳም። ሲሄዱ “ተራችንን አደራ” ብለውኛል፤ አደራዬን የበላሁ አይመስለኝም።

ያን ሕግ ለምን እንዳወጡት አውቃለሁ፤ ያኔ ልጅ ብሆንም አይቻለሁ። ተራቸውን ይዘው፣ ራሳቸው ሳያጠጡ ለሌላውም ሳያሳልፉ፣ የሰው ማሳ ሲደርቅ በር ዘግተው የሚተኙ ነበሩ። ሕጉ የወጣው ለእነሱ ነው። እኔ በር ዘግቼ አልተኛሁም።

አሁን ግን ይጠማል። ገለባ ያለውን ውሃ ያቆያል እንጂ የሌለውን አያመነጭም። በቀትር ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል፤ ይህ ተራ ካመለጠን አበባውም እንቡጡም ረግፎ የምንለቅመው አገዳ ብቻ ይሆናል።

ባለማሳዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስናሉ። ስብሰባው እኔ ማሳ ውስጥ ይሁን ብያለሁ፤ እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ፣ ያልጠጣውን የእኔን አፈርና የጠጣውን የጎርፉን አፈር ይጨብጥና ገለባው ምን ያህል ውሃ እንዳቆየ ራሱ ይፍረድ። ዳኛው ገና አልመለሰልኝም።

እርስዎ ደውለው “ልጄን ተዉልኝ” እንዳይሉብኝ። እንዲያ ከሚሉ ዝም ቢሉ ይሻለኛል። መናገር ከፈለጉ ግን ሕጉን ለምን እንዳወጡት ይንገሯቸው፤ ከእርስዎ በቀር የሚያስታውስ የለም፣ ወይም የሚያስታውሰው አፉን ይዟል።

ውሳኔው ቅዳሜ ነው። በሩ ቢከፈትልኝም የማጠጣው አንዱን ቦይ ዘልዬ ነው።

ሳር አልባሿ ልጅዎ