ያልጠበቅሁት ፉጨት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? እማዬስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆችህ ትምህርት ጀመሩ? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ በመቆየቴ ብትቀየመኝ እውነት አለህ፤ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብትልም አልፈርድብህም። በስልክ ብጀምረው ድምፅህን ስሰማ እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው እሑድ አማቴ ዘንድ ምሳ ተጠርተን ነበር። ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ መሆናቸውን ነግሬሃለሁ። አሁን ደግሞ አደን ይታገድ የሚል ማኅበር አቋቁመዋል። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ወሬው እዚያ ደረሰ። ጠግቦ የሚያድር ሰው ምን ጎድሎበት ነው ነፍስ የሚያጠፋው አሉ። እኔም ደሜ ፈላና ተከራከርኩ። የማንበላውን አንገድልም፣ ግልገል ያላትን አንነካም፣ የቆሰለ አውሬ ጥለን አንመጣም እያልኩ የአባባን ሕግ ዘረዘርኩላቸው። እሳቸው ሳይቆጡ አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ ይህን ያህል ካማረ ታዲያ ለምን ተውከው ብለው ጠየቁኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ከአፌ የወጣውን ስማ። አሳዘነኝ አልኩ። ያነጣጠርኩባት ድኩላ ዓይን አሳዘነኝ! ዓይኗን መቼ አየሁትና! ባለቤቴ በኩራት እያየችኝ፣ እሱስ በጊዜ ተወው፣ ወንድሙ ግን በገዛ ጠመንጃው ሦስት ጣቱን አጣ ብላ ጨመረች። ታናሽ እህቷ ቀልደኛ ናት፤ ጥይቱም ፍርድ ያውቃል ማለት ነዋ አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በግራ እጁ መጋዝና መላጊያ መያዝ እንደ አዲስ በተማረ አናጢ ወንድሜ ላይ ሳቅሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ ቤት ተገልብጧል፤ አንተ አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም፣ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ለአማቴ ያልነገርኳቸው የአባባ የመጀመሪያ ሕግ ፉጨት ነበር። ጥሻ ውስጥ የገባ ሰው ከመተኮሱ በፊት ያፏጫል፤ ባልደረባው በፉጨት መልሶ ያለበትን ሳያሳውቀው ጣቱን ምላጩ ላይ አያሳርፍም። እኔ አፏጭቼ ነበር። መልሱን ግን አልጠበቅሁም። ቡኒ ነገር ሲነቃነቅ አየሁ፤ ያንተም ኮት ቡኒ ነበር።

አባባ እየሮጠ ሲደርስ ቀደም ብለህ፣ ጠመንጃዬ ባረቀብኝ አልከው። እጅህን አስሮልህ ሲጨርስ ጠመንጃህን አንስቶ አፈሙዙን አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ የእኔን ጠመንጃ አየ። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ ለአደን አልወጣም። እማዬ ግን እስከ ዛሬ ግድየለሹ ልጄ የምትለው አንተን ነው።

አሁን አማቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንድናገር ለምነውኛል። አዝኖ የተወ አዳኝ ሲናገር ሰው ይሰማል፣ የወንድምህንም ነገር ጨምርበት አሉኝ። አፌን ይያዘውና እሺ ብያለሁ። ያንን ውሸት ግን ሰው ፊት ቆሜ ልደግመው አልችልም። እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ፣ ስንት ዓመት የተሸከምክልኝን ሳልጠይቅህ ማውረዴ ነው፤ እማዬም መስማቷ አይቀርም። ባለቤቴ በምን ዓይን ታየኛለች ብዬም እፈራለሁ። ብፈራም ልናገረው እፈልጋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እጅህ ይባረክ፣ ቤትህ አይጉደል፣ ልጆችህ ይደጉልህ። በደብዳቤም ሆነ በስልክ፣ ተናገር ወይም ተው በለኝ። ዛሬስ እስክትመልስልኝ እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ