ቦራን የምነዳት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ብዕሩን የያዘችው ሚስቴ ምንዳዬ ናት። ቃሉ ግን የኔ የደመቀ ነው። የራሷን እንዳትጨምርበት… ጻፍሽው? ሸጋ።

ደብተሩን የገዛሁት ለማኪናዋ ነው። ዘይት የቀየርሁበትን ቀን እየረሳሁ ተቸገርሁ። ዛሬ ቀየርሁ። ካንዴላዎቹንም ጠረግሁ። የኋላ ግራ ጎማ ይተነፍሳል፤ ነገ ይታያል።

ከተጀመረ አይቀር ስለ ራሷ ስለ ማኪናዋ፣ ስለ ቦራም ይጻፍ። ጣልያን ሠራሽ ናት። ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ቦራ ያልኋት ለዚያ ነው፤ ገና ገበሬ ሳለሁ ጠዳ ላይ ሳርስ እንዲህ ያለ በሬ ነበረኝ። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ። ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቁመቷ ወገቤን አያልፍም። መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ሳለሁ አለቃዬ የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ በወረቀት በስሜ አዙሮልኝ ሄደ። ሞተሯ ነክሶ አልዞርም ብሎ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ጭድ ቤት ቆመች። ዶሮ መቀመጫዋ ላይ ታቀፈች፣ ፈለፈለች። ጡረታ ስወጣ ፈታኋት። በነዚህ እጆች። ሌላ መካኒክ አልነካትም። ሦስት ዓመት ፈጀችብኝ፤ በአራተኛው አዘዞን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ወጣች።

ዛሬ መታጠፊያው ላይ የባጃጅ ልጆች፣ "አያ ደመቀ፣ ጣሪያውን ማን ወሰደብዎ?" አሉ።

"የናንተን አራተኛ ጎማ የወሰደው ነዋ" አልኋቸው።

ምንዳዬ አብራኝ አትወጣም። "ገበያ እንደሚወርድ ዶሮ ተጋልጬ አልሄድም" ትላለች። አሁንም እየጻፈች ትስቃለች።

ጥቅምት 5

ያለ ወቅቱ ዘነበ። ሸራዋ አንዲት ጠብታ አላሳለፈችም። የሰፋት ልዑልቃል ነው፣ የሰርግ ድንኳን ሰፊው። ጎማውን አስለጠፍሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

እንዳልካቸው መጣ። የበኩር ልጄ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

"አባባ፣ መንጃ ፈቃድህ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። አይታደስ። በቃህ።"

"ምነው?"

"ዓይንህ ደክሟላ። ሰባ አምስት ዓመትህ ነው። ሰው ትገጫለህ።"

ዓይኔ… ማዶ ተራራው ላይ የሚሄደው ሰው ሴት ይሁን ወንድ የምለየው ሰውዬ?

ባሕር ዳር የሰርግ ማኪና የሚያከራይ ሰው ቦራን ይፈልጋታል አለኝ። አበባ ሊያስርባት። "ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ሙሽሪት ከሾፌሩ ጋር ስትሄድ ሙሽራው በእግሩ ይከተላል?" ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

መርጌታ ገብረ ኢየሱስ እዚያው ነበሩ፣ ጎረቤታችን የቅኔ መምህሩ። በሳቸው ፊት ቃሌን ሰጠሁ። ሐኪም ዓይንህ ደህና ነው ካለ እነዳለሁ፤ አይደለም ካለ ቦራ ትሸጥ። "እኔ ምስክር ነኝ" አሉ መርጌታ።

በደስታ ነው የሰጠሁት። ምርመራው መቼም ጣት መቁጠር ነው… ምን ያስፈራኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ጽጌሬዳ ትባላለች፣ ሸጋ ልጅ። ግፊቴን ለካች። "የወጣት ነው" አለች። ልቤን አዳመጠች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለ ሰሌዳ አሳየችኝ።

ድሮ ጣት ነበር የሚያስቆጥሩን። ወይም ሹካ የመሰለ ነገር አሳይተው አፉ ወዴት ዞሯል ይሉናል። ይሄ ሌላ ነው። ከላይ እስከ ታች ፊደል።

"ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ፣ አባባ።"

እንዳልካቸው በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ወረፋ የያዙ ሾፌሮች፣ ሁሉም ወጣት።

ሰሌዳውን እያየሁ ቆምሁ።

"ይታይዎታል?"

አንድ ቃል ነበረች የምታስፈልገው። አልወጣችልኝም። "አይታየኝም" አልሁ።

ትልቁን አሳየችኝ፣ መዳፌን የሚያህለውን። "ይሄስ?"

"አይታየኝም።"

ጻፈች። እንዳልካቸው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ደረጃው ላይ "ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ" አለኝ። ጉድጓዱን ከሱ በፊት አይቼዋለሁ።

ወደ ቤት ቦራን እሱ ነዳት። ማርሹን እያንገጫገጨ። እኔ ከጎን ተቀምጬ።

ጥቅምት 12

ሸራዋን አለበስኋት። ዛሬ አልተነሣችም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ምንዳዬ ብዕሩን አስቀመጠች። "ምነው?" አልኋት። "እውነቱን ካላስጻፍኸኝ አልጽፍም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ" አለች።

እሺ ይጻፍ። ደመቀ ወልደኢየሱስ ፊደል አያውቅም። ይኸው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሾፌር ነበርሁ። የጉዞውን ወረቀት የሚሞላው ረዳቴ ነበር። የመንገድ ምልክቱን በቅርጹና በቀለሙ አውቀዋለሁ፤ ከየትኛውም የተማረ ሾፌር አላንስም። ፊርማዬን ተለማምጄ እሥላታለሁ፣ ጌጥ እንደሚሣል። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ምንዳዬ እንዳልካቸውን አዝላ ዋርካው ሥር ተማረች። እኔ ሥራ አለብኝ አልሁ። ሥራ ነበረብኝ? ነበረብኝ… ማታ ግን አልነበረብኝም። ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር መሬት ተቀምጬ "ሀ" ማለቱ ነው ያስቀረኝ።

ከዚያ እንዳልካቸው ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ "አባባ፣ ይሄን አንብብልኝ" አለ። "መነጽሬን አጣሁት" አልሁት። መነጽር አልነበረኝም። ያን ቀን የጀመርሁት ይኸው አርባ ዓመት። ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬን አጣሁት። የመብራት ወረቀት ሲመጣ መነጽሬን። ኋላ ከገበያ የማንንም መነጽር ገዛሁ። ሳደርገው መሬቱ ይዞርብኛል።

ልጁ ምን ያድርግ? አባቴ ዓይኑ ደካማ ነው እያለ አደገ። ያሳመንሁት እኔው።

"ቦራን የሸጥሃት አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም" አለች ምንዳዬ።

"ታዲያ ያን የሚያህለውን ጎልማሳ አባትህ መሃይም ነው ልበለው?"

"መሃይም መሆንና ዕውር መሆን፣ የቱ ይሻልሃል?"

ተናደድሁ። ወጥቼ ቦራን አጠብኋት። አልቆሸሸችም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ገዢው መጣ። ወንዴ ይባላል። ወፍራም ነው፤ ሲገባባት ቦራ በአንድ ጎኗ ተኛች። ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ "ይሄን ሸራ አንሥቼ በቆርቆሮ አስደፍናታለሁ" አለ። "የሙሽሪትን ፀጉር ነፋስ ያበላሸዋል። ቀለሟንም ነጭ አደርጋታለሁ።"

"ግንባሯ እኮ ነጭ ነው" አልሁ።

"ሁሉንም።"

ቆርቆሮ። ቦራ ላይ። ታዲያ ምን ሆነች? ቁም ሣጥን?

ማክሰኞ ጭነት ማኪና ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ቦራን ዞሮ ሲያያት ዓይኔ የጃኬቱን ቁልፎች ይቆጥር ነበር። አራት ናቸው፤ አንዱ ተበጥሷል።

ምንዳዬን አዲሱን ጋቢዬን አውጪልኝ አልኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዛሬ በደንብ ይጻፍ። እጅሽ ቢደክምም ይጻፍ።

ጠዋት አዲሱን ጋቢዬን ለብሼ፣ ተክለ ሃይማኖትን ተሳልሜ ለእንዳልካቸው ደወልሁ። "ጤና ጣቢያ ና።" "ምን ልታደርግ? ተጽፎልሃል እኮ።" "ና ብቻ።"

ወረፋው በር ድረስ ነበር። ጽጌሬዳ አወቀችኝ። "አባባ፣ መነጽር አሠሩ?"

"አላሠራሁም። ልጄ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ፊደል ነው የማላውቀው።"

ሁሉም ሰማ። ይስማ። እንዳልካቸውን አላየሁትም… ላየው አልደፈርሁም።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?"

"ኩራት ነዋ። ለሱ መድኃኒት ካለሽ ስጪኝ።"

ሳቀች። ሹካ ያለበትን ሰሌዳ ላምጣ ብላ ተነሣች። "ተይው" አልኋት። "ያዋረደኝ ይሄ ነው፣ ከዚሁ ጋር ነው የምገናኝ።" ወለሉ ላይ የተሠመረው መስመር ላይ ቆምሁ። አንድ ዓይኔን በመዳፌ ከደንሁ።

"ስሙን አላውቅለትም። ቅርጹን ልንገርሽ። የላይኛው መስቀል ነው። ቀጥሎ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ዋንጫ። ቀጥሎ ጥርሱን ወደ ታች የዘቀዘቀ መንሽ፣ ሦስት ጥርስ። ከሥሩ መዝጊያ የሌለው በር። እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው። ይሄኛው ደግሞ…"

ቆም አልሁ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን የተያያዙ።

"ይሄ መነጽር ነው" አልሁ።

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እንዳልካቸውም ሳቀ። ድምፁን ለየሁት።

ጽጌሬዳ በእንጨት እየጠቆመች ወደ ታች ወረደች። እኔም አብሬ ወረድሁ። ማጭድ። ቀለበት። በርጩማ። ከኋላዬ ያሉት ሾፌሮች እየተቀበሉ "ማጭድ አሉ! እውነትም ማጭድ" ይላሉ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደረስን፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህለው።

"ይሄስ?"

"በር ነው፣ እንደ ላይኛው። ግን ቀኝ ወገቡን እሾህ ወግቶታል።"

"እሾህ የለውም፣ አባባ።"

"አለው።"

ጠጋ አለች። ይበልጥ ጠጋ አለች። አፍንጫዋ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው። "ውይ" አለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ 'በ' ናት ብዬ ነው የማሳልፈው። ለካ 'ቡ' ናት።"

ሌላኛውም ዓይን እንዲሁ። ጻፈች፣ ማኅተሙን መታች። ከወረፋው አንዱ "እኔ እንዲያውም ከሳቸው በኋላ አልገባም፣ ያሳፍራል" አለ።

ስንወጣ እንዳልካቸው ደረጃው ላይ ክንዴን አልያዘኝም። ውጪ ግን ቆመ።

"አባባ… ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መነጽር ልገዛልህ ክረምቱን ሙሉ እንቁላል ሸጫለሁ።"

ይሄን አላውቅም ነበር። "ምነው አልገዛህልኝ?" አልሁት።

"እናቴ ናታ። 'የአባትህን ዓይን መነጽር አይፈታውም' አለችኝ። ኳስ ገዛሁበት።"

ምንዳዬ ይሄን ስትጽፍ ቀና አላለችም።

እዚያው ቆመን ለወንዴ ደወለ። "ቆርቆሮ ከፈለግህ ሱቄ ና፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ። ማኪናዋ ግን ባለቤት አላት።" ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። መርጌታ ሲሰሙ "አበጀህ፣ ጎበዝ" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሳቸው ሰው እንዲህ አይመቱም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

መንጃ ፈቃዱ ታደሰ። ጸሐፊዋ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለች። ጌጤን ልሥል ብዕሩን አነሣሁ… መልሼ አስቀመጥሁት። "ቀለሙን አምጪ፣ በጣቴ ነው" አልኋት። ከኋላዬ ብዙ ሰው ነበር። አውራ ጣቴ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ አላጠብሁትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ከቅዳሴ መልስ ቦራን አስነሣሁ። ሸራዋን አጠፍሁ። ምንዳዬ መጥታ በሯ አጠገብ ቆመች። ነጠላዋን ከአገጯ ሥር አጥብቃ አስራለች።

"ወዴት ነው?" አልኋት።

"ወዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ተሳፋሪ ነኝ።"

ቆላ ድባ ሄድን። ሜዳው ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ከፊታችን ምንም የለም፣ መንገድ ብቻ። ከላይም ምንም የለም። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና መቀመጫውን ጨብጣ ነበር። ቀስ እያለች ገለጠች። አንድ የጭነት ሾፌር ሲያልፈን ክላክሱን ነፋልን። እሷም እጇን አውጥታ አውለበለበችለት። ምንዳዬ፣ እጇን።

በየመንገዱ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። "የእህል ወፍጮ። ጎማ ይጠገናል። ቤት ይከራያል።" ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ ይህን ያህል ነገር ተጽፎ ቆሞ ነበር? "ደግሞ ያ ምን ይላል?" እያልሁ ጠየቅሁ። ስጠይቅ ምንም አልሆንሁም።

ትራፊክ አስቆመን። መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እሷን አየ። "ሙሽሮች ናችሁ?" አለ።

"ወደፊት እንነግርሃለን" አለችው ምንዳዬ።

ሜዳው መሐል "ጣሪያውን ልዝጋልሽ?" አልኋት። "ንካውና ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ" አለች። "ይልቅ ጨምር እንጂ፣ ባጃጅ እኮ አለፈን።" ጨመርሁ። ባጃጁ ከኋላ ቀረ። ከዚያ ሚኒባሱ ቀረ።

አሁን ቤት ነን። እንዳልካቸው ከልጆቹ ጋር መጥቷል፤ ይሄ ምን ደብተር ነው ይለኛል። የማኪናዋ ነው አልሁት። የኔም ነው። ይቀመጥ። ምንዳዬ፣ ብዕሩን አስቀምጪና ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ። የዋርካውንም፣ የመነጽሩንም እንዳትዘዪ፤ ልጄ ሁሉንም ይስማ።