ለዘመመው ግራር የሚሆን ቃል ይፈቀድልን

መርሳ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.። ጠዋት የተሸጠ፦ ግማሽ ኩንታል ማሽላ፣ ጥቂት ሽምብራ። ግራሩ፦ ከትናንት ይልቅ ዘሟል።

ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ለሚጠብቁልን ለተከበሩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎንና እንቅልፍዎን አላህ ይጠብቅልዎ፤ ከእኛ ሰፈር የጠፋው እንቅልፍ እርስዎ ዘንድ በደህና መኖሩ ያጽናናናል። የጻፍኩት፣ ቦይ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠው ግራር በአሮጊቷ ጎረቤቴ በእማማ ከድጃ ቤት ላይ ማዘንበሉን ባመለከትን ቁጥር ስላስተማሩን እንግሊዝኛ ላመሰግንዎ ነው።

፩. መጀመሪያ «ኖርማል ነው፣ ኖ ፕሮብሌም» አሉን። ማንም አይመጣም ማለት መሆኑን ቆይተን ተረዳን።

፪. ሥሩ ከመሬት ሲወጣ ነገሩ «ሲሪየስ» ሆነና ባለሙያ መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄደ። «ቬሪ ሲሪየስ» ሲሆን ደግሞ ኮሚቴ ተላከልን፤ ዛፉ ሥር ላለመቆም በሙሉ ድምፅ መወሰኑን ከልብ አደንቃለሁ።

፫. ከሰሞኑ ዝናብ በኋላ «ይሄማ ኢመርጀንሲ ነው» ሲሉ ተደስተን ነበር። ኢመርጀንሲ ግን ከሥልጣንዎ በላይ ስለሆነ ወደ ዞኑ፣ ወደ ወልድያ ተጻፈ፤ እዚያው ቀረ። እንግዲህ ዝቅ አድርገን ብንናገር የሚመጣ የለም፤ ከፍ አድርገን ብንናገር የሚወስን የለም። በመካከሉ ግራሩን የሚያስቆርጥ ቃል ካለ ይንገሩን፣ አጥንተን እንመጣለን።

እስከዚያው ዛፉን በመጫኛ ጠፍረን ከእህል መደብሬ ምሰሶ ጋር አስረነዋል። ገመዱ በበሩ ስለሚያልፍ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ስለማይዘጋም ግራና ገበያ ወርጄ እህል መግዛት አልቻልኩም። እማማ ከድጃ እግራቸው አይታዘዝም፣ መውጫቸውም በዛፉ ሥር ብቻ ነው። ተሸክመን እናውጣዎ ብንላቸው፣ «ቤቴን ለዛፍ ለቅቄ? ዛፉስ ከሹመኛው ይሻላል፤ መምጣቱን ያስታውቃል» ብለው ሳቁብን።

ቃል ሳይሰስቱ ላገለገሉን ለእርስዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ከታሰርኩበት ደጃፍ እገልጻለሁ።

ሀስና አብዱልሐሊም፣ የእህል ነጋዴ

ማሳሰቢያ፦ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። ለቅጣቱ ግን ኮሚቴም ወልድያም ሳያስፈልግዎ በዚያው ቀን እንደሚደርሱልን እተማመናለሁ።

ነገ፦ ልብስ ሰፊው ስዩም ሥራውን ትቶ የመደብሬን በር ይጠብቅልኛል። እኔ ወልድያ ሄጄ መጋዝ እገዛለሁ።