በድምፅ ማጉያው ውስጥ ስላለው ካልሲ

ለክቡር የከተማው ባቡር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (መኪናዎ ውስጥም ቢሆን)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ መጠየቄ ቆሞ መጠበቅ ጉልበትን ምን እንደሚያደርገው ስለማውቅ ነበር፤ እርስዎ ግን በመኪና እንደሚመላለሱ አሁን ትዝ ስላለኝ ጥያቄዬን በአክብሮት ወደ ወገብዎ አዛውሬዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት የምናዘዘው ነገር አለኝ። በዛሬው ዕለት ጠዋት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ፈቃዴና በሙሉ ጤንነቴ፣ ሁለተኛው መድረክ ላይ ከተሰቀለው የድርጅትዎ ድምፅ ማጉያ ጉሮሮ ውስጥ የአጎቴን ካልሲ ጠቅጥቄያለሁ። ካልሲው ቡናማ፣ ወፍራምና የሱፍ ሲሆን የቀኝ እግር ይሁን የግራ ላጣራ አልቻልኩም። የመጥረጊያዋን ዘንግ ያዋሰችኝ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ለምን እንደፈለግሁት አንድ ቃል አልጠየቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀድማ ያጸዳችውን ቦታ እንደገና መወልወል ስለጀመረች ምንም እንዳላየች እኔው ራሴ ልመሰክርላት ዝግጁ ነኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ነገር ትራስ ፊቱ ላይ ተደፍቶ ሳለ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ይህን ያደረግሁት ጥጋብ ይዞኝ አይደለም፤ ምንም እንኳ አጎቴ ቢያውቅ ጥጋብ ነው እንደሚል ባልጠራጠርም። ምክንያቴን እንደ ትልቅ ሰው በቁጥር እያደረግሁ አቀርባለሁ። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደኝን ባቡር እየጠበቅሁ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የምጽፍ ስለሆንኩና ኮሽ ባለ ቁጥር ተነስቼ ሐዲዱን ስለማይ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አሁንም ተነስቼ ነበር። የጭነት መኪና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ባቡሩ ፉርጎዎች። ሥራ በጀመረበት ሰሞን ባቡርዎ አራት ፉርጎ እየጎተተ ሲመጣ አስታውሳለሁ፤ ዛሬ የሚመጣው፣ ሲመጣ ማለቴ ነው፣ ሁለት ይዞ ነው። የቀሩት ሁለቱ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ጋራዥ ቆመው፣ በር ሲሰበር በራቸውን፣ ወንበር ሲገነጠል ወንበራቸውን፣ ፍሬን ሲያልቅ ፍሬናቸውን ለወንድሞቻቸው እየሰጡ ዕለት ዕለት ይመነምናሉ፤ መለዋወጫ የሚገዛበት በጀት የለምና። እንዲህ ያለ የወንድማማች ፍቅር እኔ ቤት እንኳ አላየሁም፤ ታናሽ ወንድሜ ማስመሪያውን ለምኜው አያውሰኝም። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተረፈ አራት ፉርጎ ሰው ሁለት ፉርጎ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከፈለጉ የሒሳብ አስተማሪያችንን ይጠይቁልኝ። እሳቸውም የሚመጡት በዚሁ ባቡር ነው። ባቡሩ ባረፈደ ቁጥር እኩል ተጨፍልቀን፣ እኩል ላብ በላብ ሆነን እንወርድና፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እኛን ለመቅደም ይሮጣሉ፤ ቀድመው ክፍል ይገቡና ባረፈድነው ላይ በሩን ይዘጋሉ። በሩጫ የሚቀድማቸው ተማሪ እስካሁን አልተገኘም። ለአካል ብቃታቸው ድርጅትዎ ያደረገው አስተዋጽኦ የሚረሳ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሌዳው። የመድረካችንን ጣሪያ ንፋስ ከወሰደው በኋላ «በጀት እስኪገኝ ታገሡ» ተብለን ስንታገሥ፣ በምትኩ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ሰሌዳ ተተከለልን፤ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ከጣሪያው ይሰፋል ብል አላጋነንኩም። እኛም ምስጋናው ባክኖ እንዳይቀር ከሥሩ እንጠለላለን፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላው ስለሚዞር እኛም አብረን እንዞራለን። የጣቢያው ጎረቤት የሆኑ አንድ ጡረተኛ የራሳቸውን ታጣፊ ወንበር ይዘው እየመጡ የዚህ ጉዞ አዛዥ ሆነዋል፤ «ተነሱ ልጆች፣ ጥላው ሄደ» ብለው ወንበራቸውን ሲያጥፉ መድረኩ በሙሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ይከተላቸዋል። የት ሊሄዱ ነው ወደዚህ የሚመጡት ብለን ጠይቀናቸው፣ የትም እንደማይሄዱ፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከመቀመጥ እዚህ ከሰው ጋር መቀመጥ እንደሚሻላቸው ነግረውናል። በድርጅትዎ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ የረካ ደንበኛ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። በዚህ ጣቢያ ሰዓቱን የሚያከብር ነገር ቢኖርም ጥላው ነው።

ሦስተኛ። ይህ አቤቱታ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሳይቆም አልፏል።

አራተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። ጣቢያችንን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ባቡሩ ታጥቦ፣ መስኮቱ ተወልውሎ፣ በጊዜ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ሰዓት ከተፍ ማለቱን ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ የምለው ስላልነበርኩ ነው፤ ማንም አልነበረም። የተጻፈውን ሰዓት አምኖ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ከጠፋ ቆይቷልና ባቡሩ ጥቂት የጥበቃ ሠራተኞችና አንድ ፎቶ አንሺ ይዞ ሄደ፤ እኛ እንደ ልማዳችን አርፍደን ስንደርስ እርስዎ ባዶውን መድረክ እያመለከቱ መጨናነቁ መቀረፉን በማይክሮፎን ሲያበስሩ ደረስን። አጨበጨብን። ጡረተኛው በተለይ አጥብቀው አጨበጨቡ፤ ሆኖም ጆሯቸው ትንሽ ስለሚያስቸግራቸው ባቡር የመጣ መስሏቸው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

ይቅርታ። ተነስቼ ነበር። ምንም የለም።

ስለ እነዚህ ጉዳዮች በቤት ውስጥ ቅሬታ ሳሰማ አጎቴ «በእኛ ጊዜ ባቡር የሚባልም አልነበረም፤ በእግራችን ሄደን ምን ሆንን?» ይለኛል። ይህን የሚለው ተጋድሞ ሲሆን፣ ቀጥሎም ማዶ ካለው ሱቅ ክብሪት እንዳመጣለት ይልከኛል። ስለ ካልሲው የተጸጸተ ልብ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁት።

አምስተኛው፣ ቀልቤን የገፈፈውና ቁጭ አላስብል ያለኝ፣ ስለ ድምፁ ነው። «የተከበራችሁ ተሳፋሪዎች፣ ባቡሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ ከቢጫው መስመር ኋላ ሆናችሁ ተጠባበቁ» የሚለውን የሴት ድምፅ በየመድረኩ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ያሰማሉ። ክቡር ሆይ፣ ያ ድምፅ የእናቴ ነው።

ባቡሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን እናቴ እዚሁ ጣቢያ ቲኬት ትሸጥ ነበር። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ በመስኮቱ በኩል ሰው ስታስተናግድ ሰምተዋት «ድምፅሽ ሰው ያረጋጋል» አሏትና በአንድ ከሰዓት ቀዱት። ያኔ እውነቷን ነበር፤ ይደርስ ነበር። እኔ ትንሽ ሆኜ የክፍሌን ልጆች እየጎተትኩ አመጣና «ዝም በሉ፣ እናቴ ባቡሩን ልትጠራው ነው» እላቸው ነበር። ትጠራዋለች፣ ይመጣል። ባቡሩ የሚታዘዘው ለእሷ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ስትጠራው ቶሎ አቤት ሳይል ሲቀር ይገርመኝ ነበር፤ ባቡር እንኳ እሺ እያለ።

ዛሬ ግን ድምፁ በተሰማ ቁጥር መድረኩ መልስ ይሰጣል። «ውሸታም» የሚል አለ። «አጭር ጊዜ እያልሽ ስንቱን አስረጀሽው» የሚል አለ። አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ አለሽ? ለልጅሽም እንዲህ ነው የምትዪው?» ብለው ወደ ላይ አንጋጠው ሲጠይቁ ልጇ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ እናቴም ከእኔ ቀጥላ ቆማ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር። የሚገርመው፣ አፋቸው ይህን ሁሉ እያለ እጃቸው ግን ዕቃቸውን ያነሳል። አንድም ቀን ድምፁን ሰምተው ዕቃቸውን ሳያነሱ የቀሩበት ጊዜ የለም። ያነሱና፣ ቆመው ይቆዩና፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምራቄን ዋጥ አድርጌ በተቀመጥኩ። እናቴ ቲኬት መሸጡን ትታ በአንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራ ነበር። «ሐኪሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይመጣሉ» ባለች ቁጥር ታካሚው እርስ በርሱ ይተያይና ግማሹ ተነስቶ ይሄዳል። አንድ አዛውንት «ይህችን ልጅ በድምፅዋ አውቃታለሁ፤ ሐኪሙ አይመጣም» ብለው ሌላውን ሁሉ አስነስተው ይዘውት ወጥተዋል፤ ሐኪሙ በሩ ላይ ተገናኝተዋቸው እንኳ አላመኑም። ባለፈው ወር አለቃዋ በጣም እያዘኑ ወደ ካርድ ክፍል አዛወሯት፤ እዚያ የምታነጋግረው መደርደሪያ ነው፤ ቦታውም ለጊዜው እንጂ የዘለቄታ እንዳልሆነ ተነግሯታል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከቤት ከወጣች በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ሱቅ ገብታ ሳሙና በጣቷ ታሳያለች። ቤት ውስጥም እየለመደባት ስለመጣ ታናሽ ወንድሜን ስትቆጣው እንኳ ጆሮው ሥር ሆና ነው፤ እሱም ምስጢር የምትነግረው መስሎት ይስቃል። ድሮ ከጓዳ ሆና ስትጠራኝ ሦስተኛ ቤት ያሉ ጎረቤቶች «እየተጠራሽ ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ካጠገቧ ሆኜም አልሰማትም።

ሰኞ ደግሞ ድርጅትዎ ጠርቷታል። አዲስ ነገር ልትቀዳ ነው፤ «በበጀት እጥረት ምክንያት የማታው ጉዞ የተቋረጠ መሆኑን ከታላቅ ይቅርታ ጋር እንገልጻለን» የሚል። የማታው ጉዞ ማለት እናቴ ከሥራ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ወጥተን አብረን የምንሳፈርበት፣ አሁንም ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ነው። ስለዚህ ሰኞ ከቀዳች፣ ማክሰኞ እዚህ ቆማ፣ በእግሯ እንድትሄድ በገዛ ድምፅዋ ይነገራታል፤ የቀረው ሰውም የቀረችውን ባቡር የነጠቀችው እሷ እንደሆነች አድርጎ ይሰድባታል። አጎቴ «ከበላይ ሲጠሩሽ እምቢ አይባልም፣ ሂጂ» ብሏታል። እናቴ የመለሰችውን አልሰማሁም፤ በሹክሹክታ ይሁን በዝምታ መለየት አቅቶኛል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ፉርጎ አልጠይቅም፤ ጣሪያ አልጠይቅም፤ ጥላው ይበቃናል። የእናቴን ድምፅ ብቻ ይመልሱልን። ሰኞ በእሷ ምትክ እርስዎ ራስዎ ማይክሮፎኑ ፊት ቢቆሙ ምን ይመስልዎታል? የጉብኝትዎ ዕለት እንደሰማነው ድምፅዎ ያማረ ነው፤ ከባቡርዎ በተለየም አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። ባቡሩ የእርስዎ ስለሆነ ይቅርታውም የእርስዎ ቢሆን ያምራል ብዬ ነው። ስድቡ የመጣ እንደሆነ አይጨነቁ፤ እርስዎ የሚሄዱት በመኪና ስለሆነ አይሰሙትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእኛን ጊዜ እንዴት እንደያዙት ግን ሳልረሳ፣ ከቢጫው መስመር ኋላ በቆምኩበት ሆኜ፣ ጣሪያ በሌለው ሰማይ ሥር፣ በታላቅ አክብሮትና በአንድ እግሬ (ሌላውን ደንዝዞኛል) እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር ተጠባባቂዎ፣
ለደህንነቷ ስትል ስሟን የደበቀች ተሳፋሪ

ማስታወሻ፦ ካልሲውን የሚያወጣ ባለሙያ፣ መሰላልና መኪና ነገ በጠዋት እንደሚልኩ አልጠራጠርም። ለዚህ በጀት ይገኛል፤ ጣቢያችንም በሰዓቱ የደረሰ ነገር ለማየት ስለሚበቃ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ይቅርታ፣ ተነስቼ ነበር። ባቡር አይደለም፣ እናቴ ናት፤ ደረጃው ላይ ቆማለች። ድምፅ ማጉያው በካልሲው ውስጥ ሆኖ ማጉረምረም ሲጀምር ሰምታ ቀና አለች፤ የካልሲው ጫፍ ተንጠልጥሎ ኖሮ አየችው። አየችኝም። ሻርፗን ከአፏ ላይ አወረደችና፣ ስንት ጊዜ ያልሰማሁትን ያንን ሙሉ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ «ቁንጫ፣ የአጎትሽ ካልሲ እዚያ ላይ ምን ይሠራል?» ቁንጫ እኔ ነኝ፤ መቀመጥ ስለማልችል ነው ያሉኝ። ስሜን የደበቅሁት ለከንቱ ሆነ።

ግን ይህን ይወቁልኝ፤ ድምፅዋ ገና ሲሰማ መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዕቃውን አነሳ። ዘንቢል የያዙት እናትም አሉ። ጡረተኛው ወንበራቸውን አጥፈዋል። ሁሉም ከቢጫው መስመር ኋላ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን አስግገው ሐዲዱን እያዩ ነው። የዛሬው ከእርስዎ ማሽን የወጣ አይደለም፤ ከራሷ አፍ ነው። እባክዎ ቶሎ ባቡር ይላኩ፤ እናቴን ውሸታም አያድርጉብኝ።