እግሬና የጠፈር አይጦችሽ

መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሌንሳ፣

እንደምን ከርመሻል? የጀርመን ብርድ ጀመረ ወይ? እኛ ደህና ነን። የዛሬው «ደህና ነን» እውነተኛው ነው፤ ያለፉትን ሦስት ወራት ግን ዋሽቼሻለሁ።

ሐምሌ ላይ ጎመን ልቆርጥ ጓሮ ስወጣ ጭቃው አንሸራተተኝና የግራ ጭኔ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት አያይዘው ሠሩልኝ። አንቺ ደግሞ ለምርምርሽ አይጦቹን ወደ ጠፈር ልትልኪ ሳምንት ቀርቶሽ ነበር። ስለዚህ «ለሌንሳ ትንፍሽ እንዳትል» ብዬ አባትሽን አስማልኩት። በቪዲዮ ስትደውይ ሁልጊዜ ትራስ ተደግፌ ያገኘሽኝ ለዚህ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሙ «እናቴ፣ ከእንግዲህ ይርገጡበት» አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ድጋሚ ቀጭ የሚል መሰለኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ «ዲንሳ ውሃ! ዲንሳ ቻርጀር!» እያልኩ ከረምኩ። ምስኪን አባትሽ ሽሮ መሥራት ተማረ። ስለ ጣዕሙ አትጠይቂኝ።

መስከረም ላይ እያለቀስሽ ደወልሽ።

«እማዬ፣ አልተሳካም። ክብደት በሌለበት ሲንሳፈፉ የከረሙት አይጦች የተሰበረ አጥንታቸው በቅጡ አልገጠመም። ምድር የቀሩት ድነዋል።»

«ለምን ይሆን?»

«አጥንት ሸክም ይፈልጋላ! ካልረገጡበት ይሰንፋል።»

አጽናንቼሽ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ዙሪያዬን ብመለከት አልጋ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ። ለካ እኔም እዚሁ መካኒሳ ሆኜ ስንሳፈፍ ነው የከረምኩት!

«ዲንሳ፣ ክራንቹን አምጣ» አልኩት።

«ምን ነካሽ ደግሞ?»

«ልጅህ እርገጪ ብላኛለች።»

የመጀመሪያው ቀን ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር። ላብ አጠመቀኝ፤ የአባትሽን ክንድ ጨምድጄ አስጮህኩት። በሳምንቱ ደጃፍ ደረስኩ። ዛሬ በከዘራ ብቻ አቦ ተሳልሜ ተመለስኩ፤ ባለ ሱቋ ገበያነሽ እልልታዋን አቅልጣው ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሐኪሙም ራጁን አይቶ «ይዟል» ብሎኛል።

እንዳትቆጪኝ ፈርቼ በስልክ አልነገርኩሽም። ለሥልጠና ወደዚያ የሚሄደው ጎረቤታችን ክርስቲያን ይህን ይዞልሽ ይመጣል፤ ስታነቢው ደግሞ መልሰሽ መጮህ አትችይም።

ልጄ፣ አለቆችሽ ስለ ሥራሽ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አንቺ ግን ሁለተኛ «አልተሳካም» እንዳትይ። እኔን ከአልጋ አስነስቷል።

ለገና ፈቃድ ካገኘሽ ነይ። ካላገኘሽም ግድ የለም፣ ሥራሽን ሥሪ። ብቻ የምትመጪ ከሆነ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ቦሌ ድረስ መጥቼ፣ ቆሜ ነው የምቀበልሽ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ ገዲሴ