አሸንዳው ሳይጠገን ስለተሸፈነው ግድግዳ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎና ጉልበትዎ፣ እንደምመኝልዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አምና በትእዛዝዎ የአሮጌውን ባለ ፎቅ የጡብ ቤት ግድግዳ ብርድ እንዳያስገባ ከውስጥ በፎምና በጂፕሰም ቦርድ የሸፈንኩት ግንበኛ ነኝ። ፎቁ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቴ ነበረች። ውለታዎ በአደባባይ መነገር ስላለበት ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ቢሮዎ ቆሜ የተሰበረው አሸንዳ ውኃውን በጡቡ ላይ እንደሚያወርድ ነገርኩዎ። አሸንዳው ተጠግኖ፣ ግድግዳው አንድ በጋ ደርቆ፣ በሚተነፍስ የኖራ ልስን ካልተለሰነ እርጥበቱ ከሽፋኑ ኋላ እንደሚታፈን፣ ጡቡ ውስጥ የተቀበረው የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጫፍም እንደሚበሰብስ ስዘበዝብብዎ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያም «የማይታይ ነገር ምን ያስጨንቅሃል? ሸፍነው!» አሉኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙቀቱ። እህቴ በመጀመሪያው ብርድ ሹራብ ሳትደርብ ስለሰፋች መርቃዎታለች። ቦርዱን ስገጥም «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ይበጃል?» ብላኝ ነበር። ዓይኗን ሳላይ «ይበጃል» አልኳት። ይህን ውሸት እርስዎ አላዘዙኝም፤ የራሴ ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ሲሸት፣ ማእዘኑም በሻጋታ ሲጠቁር ሦስት ጊዜ አመለከተች። እርስዎም ሳይሰለቹ ቀለም ቀቢ ላኩላት።

ለአራተኛው ምስጋና አልወጣልኝም። ባለፈው ወር፣ ረፋድ ላይ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስትገፋ ወለሉ በግድግዳው በኩል ተደረመሰ። ከነመኪናዋ ወደቀች። ደርሼ ፍርስራሹን ሳነሳ የእንጨቱ ጫፍ እንደ ራሰ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኝታ በዘጠነኛው አረፈች። አንድ ጊዜ ነቅታ፣ መኪናዋ ላይ ስለነበረው ስፌት «የሰው ቀሚስ ነው፣ ሳይቆሽሽ አንሱልኝ» አለች እንጂ ስለ ግድግዳው አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮዎ የአደጋውን ምክንያት «የዕቃ ክብደት» ብሎ መዝግቧል። እኔም የሆነውን ሁሉ፣ የራሴን ጥፋት ጭምር፣ ጽፌና ፈርሜ ለመርማሪዎች ሰጥቻለሁ። በጽሑፉም ውስጥ ማዕረግዎን አንድ ፊደል አላጎደልኩም።

ትእዛዝዎን ሳያዛንፍ የፈጸመ፣ ከዚህ በኋላ ግን የማይፈጽም፣
አክባሪዎ ግንበኛው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚቀጥለውን ቤት እንድሸፍን ትናንት የላኩልኝ የሥራ ትእዛዝ ደርሶኛል። ከነማኅተምዎ አባዝቼ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ በዚያ ቤት በሚኖሩት በስድስቱም ቤተሰቦች በር ላይ ለጥፌዋለሁ። መጥተው ራሳቸው ያመሰግኑዎታል።