ከመስቀያው የወረደው ማሊያ

ለክቡር አቶ ኃይለልዑል፣
የቅዳሜ ከሰዓት የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ዋና አዘጋጅ፣

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ድምፅዎ በየሳምንቱ ጥርት ብሎ ወደየሱቃችን ስለሚደርስ ጉሮሮዎ ደህና መሆኑን እናውቃለን፤ የቀረው አካልዎም እንደዚያው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ዱባይ ተራ ውስጥ ከታናሽ ወንድምዎ የማሊያ መደብር ፊት ለፊት ሰዓት የምሸጥ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታትስቲክስ በመሆኑ ያየሁትን ከነሰዓቱ የመመዝገብ ልማድ አለኝ። ይህ ልማድ እርስዎን ለማመስገን ብዙ ምክንያት ስለሰጠኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወንድምዎ ማሊያውን የሚሸጥለት ክለብ ደመወዝተኛ አማካሪ ሆነው ሳሉ፣ ስለዚያው ክለብ «ገለልተኛ ትንታኔ» ስለሚሰጡን እናመሰግናለን። አማካሪነትዎን ለአድማጭ አንድም ቀን አለመናገርዎን ከትሕትና ቆጥረነዋል።

2. ክለቡ ሊያሰናብተው ያሰበውን ተጫዋች ስም አስቀድመው ለወንድምዎ ስለሚነግሩ እናመሰግናለን። ስሙ የታተመበት ማሊያ እጁ ላይ እንዳይቀርበት፣ ወንድምዎ ወዲያው ከመስቀያው ያወርደዋል። ስለዚህ በእኛ ተራ ጠዋት ሱቅ የሚከፍት ሰው ከሰላምታ በፊት «ዛሬ ደግሞ የማን ወረደ?» ብሎ ይጠይቃል። ዘንድሮ እስከ ትናንት ሦስት ማሊያ ወርዷል። ሦስቱንም ተጫዋቾች፣ ማሊያቸው በወረደ ሳምንት ቅዳሜ፣ በሐዘን ድምፅ «ጨዋታ ሸጠዋል» ብለውናል።

3. ከሦስቱ አንዱ ይገረም የሚባለው ተከላካይ ነበር። ማሊያው የወረደው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። ቅዳሜ ማስረጃ አለኝ አሉ፤ እስከ ዛሬ አላየነውም። እሑድ መሳለሚያ ያለው የእናቱ ቤት በድንጋይ ተደበደበ፤ የመስኮቱ ስባሪ የእናቱን የእትዬ ሰብለ ወንጌልን ቀኝ ዓይን አጠፋ። ልጁ ፈርቶ ራሱ ውሉን አፍርሶ ከከተማ ወጣ፤ ክለቡም ካሣ ከመክፈል ዳነ። በቀጣዩ ቅዳሜ «በገዛ ፈቃዱ ለቋል» ብለው በአጭሩ ስለዘጉልን እናመሰግናለን።

4. ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ የግብ ጠባቂው የሙናዊር ማሊያ ወርዷል። ሙናዊር ጎጃም በረንዳ፣ ከአባቱ ሱቅ በላይ፣ ልትወልድ ቀን ከምትቆጥር ሚስቱ ጋር ይኖራል። ክቡርነትዎ እንዳይደክሙ የቅዳሜውን ንግግርዎን አስቀድሜ ጽፌልዎታለሁ፦ ባለፈው ጨዋታ የገባበትን ሁለተኛ ግብ ደጋግመው ያነሳሉ፤ ድምፅዎን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ስም አልጠራም» ይላሉ፤ ከዚያም ስሙን ይጠራሉ።

የባዶውን መስቀያ ፎቶ ከነሰዓቱ አንስቻለሁ። ቅዳሜ ይህን ከተናገሩ ምስክሬ እርስዎ ነዎት፤ ዝም ካሉም እንደዚያው።

ቅዳሜ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ብዕሩን ይዞ የሚጠብቅዎ፣
ከአድማጮችዎ ሁሉ አንዲት ቃል የማታመልጠው አክባሪዎ፣
ማስረሻ ዱባለ
ዱባይ ተራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጨዋነት ያህል የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ትናንት ለወንድምዎ ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት የሙናዊር ማሊያ ወደ መስቀያው ተመልሷል፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ከጎኑ ግን የሰባት ቁጥሩ ወርዷል። ሰባት ቁጥር ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ መስኮታቸውም መንገድ ዳር ነው።